ዓሣ ነባሪን በዓይንም በጆሮም መቁጠር፦ የባሕር ላይ ቅኝት ከሀ እስከ ፐ

ሰማያዊው ዓሣ ነባሪ እስከ ዛሬ ከታወቁት እንስሳት ሁሉ ግዙፉ ነው። ከመርከብ ላይ ሆኖ ለሚፈልገው ሰው ግን ብዙውን ጊዜ የሚታየው አድማሱ አጠገብ ብቅ ብሎ የሚበተን ነጭ ጭጋግ ብቻ ነው። ስፐርም ዌል የሚባለው ደግሞ አንዴ ከጠለቀ 45 ደቂቃ፣ አንዳንዴም አንድ ሰዓት ይቆያል። በአንድ ሰዓት ውስጥ መርከባችሁ 18 ኪሎ ሜትር አልፎ ሄዷል።

ስለዚህ ባሕር ላይ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት እየተባለ አይቆጠርም። የሚወሰደው ናሙና ነው። በታቀደ መስመር ትጓዛላችሁ። ያያችሁትንና የሰማችሁትን ትመዘግባላችሁ። ከዚያ ያመለጣችሁን ታሰላላችሁ። ጀማሪ ቡድን ሁሉ ልቡ ያለው ብዙ ዓሣ ነባሪ ማየቱ ላይ ነው። እኔ የማስቀድመው ሌላ ነው፦ ያመለጠው ስንት እንደሆነ ለማስላት የሚያስችል መዝገብ ይዞ ወደ ወደብ መመለስ። ከዚህ በታች ያሉት ደረጃዎች በሙሉ ለዚያ ሲባል የሚደረጉ ናቸው።

ጆሮ ለምን አስፈለገ?

እ.ኤ.አ. በ1977 ዓለም አቀፉ የዓሣ ነባሪ ኮሚሽን የአላስካ ኢኑፒያት ሕዝቦች ቦውሄድ የተባለውን ዓሣ ነባሪ እንዳያድኑ ከለከለ። በወቅቱ የነበረው ግምት ከ2 ሺህ የማይበልጡ ቀርተዋል የሚል ነበር። አዳኞቹ ግን አልተቀበሉትም። ቆጣሪዎቹ የሚያዩት በበረዶው ዳር ባለው ክፍት ውኃ የሚያልፈውን ብቻ ነው፤ ብዙዎቹ ራቅ ብለው ከበረዶው ሥር ያልፋሉ፤ በረዶውንም ራሳቸው ሰብረው ይተነፍሳሉ አሉ። በ1980ዎቹ ሃይድሮፎን፣ ማለትም የውኃ ውስጥ ማይክሮፎን፣ ከበረዶው ሥር ተሰቀለ። እውነትም ዓይን ያላያቸው ዓሣ ነባሪዎች ድምፅ ከሩቅ ይሰማ ነበር። የ2011 ግምት 17 ሺህ ገደማ ደርሷል። ከዚህ ውስጥ የተወሰነው ባለፉት ዓመታት የተወለደ ነው። የቀረው ግን ድሮም የነበረ፣ ያልታየ ብቻ ነው። የአንድ ሕዝብ የክረምት ምግብ የተንጠለጠለው በዚህ ልዩነት ላይ ነበር።

1. ጥያቄውን አጥብቡ

የትኛው ዝርያ? በየትኛው የባሕር ክልል? በየትኛው ወር? እነዚህ ሦስቱ በጽሑፍ ካልተቀመጡ መርከብ አትከራዩ። ሃምፕባክ የተባለው ዓሣ ነባሪ ሞቃቱን ወራት በቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ሲመገብ ያሳልፍና ብርዱ ሲመጣ ለመራባት ወደ ሞቃታማው ባሕር ይወርዳል። ወሩን የሳተ ቡድን ባዶ ባሕር ሲቃኝ ይሰነብታል።

መሣሪያውንም የሚወስነው ዝርያው ነው። ስፐርም ዌል ጠልቆ ሲያድን ያለማቋረጥ ድምፅ ስለሚያወጣ ለሱ ጆሮ ይቀድማል። ሰማያዊውና ፊን ዌል ትንፋሻቸው ከሩቅ ስለሚታይ ዓይን ይቀድማል። ፖርፖይዝ የሚባለው ትንሹ ዘመዳቸው ደግሞ ባሕሩ እንደ መስታወት ካልሆነ በዓይን ለመቁጠር እጅግ ያስቸግራል። የምትሠሩበት አገር የሚጠይቀውን የምርምር ፈቃድ በዚሁ ጊዜ ጀምሩ። ቶሎ የሚያልቅ ነገር አይደለም።

2. መስመሩን በዕጣ ዘርጉ

እዚህ ላይ ትልቅ ፈተና አለ። ዓሣ ነባሪ የሚበዛበትን ቦታ የሚያውቅ ካፒቴን ወይም ዓሣ አጥማጅ ይኖራል። ወደዚያ መሄድ ያምራል። አትሂዱ። የሚበዛበትን ብቻ አይታችሁ በጠቅላላው ክልል ብታባዙት ቁጥሩ ከእውነቱ በላይ ያብጣል።

ክልሉን በካርታ ላይ ከልሉ። የመጀመሪያውን መስመር መነሻ በዕጣ ምረጡ። ሌሎቹን ከሱ እኩል እያራቃችሁ አስምሩ። ትይዩ መስመሮች ለስሌት ይመቻሉ፤ ዚግዛግ ግን ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው ሲሻገሩ የሚባክነውን ነዳጅና ሰዓት ያድናል። በሁለቱም መንገድ መስመሩ ጥልቀት ከሌለው ውኃ ወደ ጥልቁ ያቋርጥ። ዓሣ ነባሪዎች ብዙ ጊዜ አህጉሩ ወደ ጥልቁ በሚወርድበት ቁልቁለት ጠርዝ ላይ ይሰበሰባሉ። መስመራችሁ ጠርዙን ተከትሎ ከሄደ ወይ በነሱ መሃል ብቻ ትጓዛላችሁ፣ ወይ ጨርሶ አታገኟቸውም።

አንድ ረጅም መስመር ሳይሆን ብዙ አጫጭር መስመሮች ይሻላሉ። ቢያንስ አሥር፣ ቢቻል ሃያ። የግምቱ ስሕተት የሚሰላው አንዱ መስመር ከሌላው ምን ያህል እንደሚለያይ ታይቶ ነውና።

3. ሰዎቹንና መድረኩን አዘጋጁ

ቃኚዎቹ የሚቆሙት መርከቡ ላይ ካለው ክፍት ቦታ ሁሉ ከፍ ባለው ላይ ነው። ከባሕሩ 10 ሜትር ከፍ ያለ ዓይን አድማሱን የሚያየው 11 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ከፍታውን በሜትር ለኩና ጻፉት። በኋላ እያንዳንዱ ርቀት የሚሰላው በሱ ነው።

የተለመደው አደረጃጀት አንድ ቃኚ በግራ፣ አንድ በቀኝ፣ አንድ መዝጋቢ በመሃል ነው። የግራው ከግራ ጎን ጀምሮ እስከ ፊት ይቃኛል፤ ፊት ለፊት ሲደርስ ወደ ቀኝ 10 ዲግሪ ያህል ይሻገራል። የቀኙም እንዲሁ። መርከቡ የሚሄድበት መስመር በሁለቱም ዓይን ውስጥ እንዲወድቅ ነው። በየ40 ደቂቃው ቦታ ይቀያየራሉ። ሁለት ሰዓት ከሠሩ በኋላ ሙሉ ዕረፍት ያስፈልጋቸዋል። ዓይን ይደክማል። የደከመ ዓይን ደግሞ መድከሙን አያውቅም።

በትላልቅ ጥናቶች ላይ 25 ጊዜ የሚያጎላ፣ በእግሩ የሚቆም ከባድ መነጽር ይተከላል። ከሌለ 7 በ50 የሚባለው የእጅ መነጽር ይበቃል። ግን በውስጡ ርቀት መለኪያ ጭረቶች ያሉት ይሁን። ገንዘብ ካጠረ እኔ ከትልቁ መነጽር በፊት ሥልጠናውን አስቀድማለሁ። ከጉዞው በፊት ቦያ፣ ማለትም ተንሳፋፊ ምልክት፣ ባሕር ላይ ጣሉ። ቃኚዎቹ ርቀቱንና አንግሉን ይገምቱ። እናንተ በራዳር ወይም በጂፒኤስ አረጋግጡ። አንዱ ሰው ሁልጊዜ አሳንሶ የሚገምት ሆኖ ታገኙታላችሁ። ችግር የለውም፤ ምን ያህል እንደሚያሳንስ ከታወቀ በስሌት ይታረማል።

መርከቡ በ10 ኖት (በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር) ገደማ ይሂድ። ከዚህ በጣም ከዘገየ እንስሳቱ ራሳቸው ይቀድሟችሁና ስሌቱ ይዛባል።

የአየሩ ነገር ጥብቅ ነው። የባሕሩን ሁኔታ የነፋስን ኃይል ከ0 እስከ 12 በሚለካው በቢውፎርት ሚዛን መዝግቡ። ለፖርፖይዝና ባለ ምንቃር ለሚባሉት ዓሣ ነባሪዎች 2 ድረስ ብቻ፣ ማለትም ነጭ አረፋ የሚባል ሳይታይ። ለትላልቆቹ እስከ 5 ይሠራል። ከዚያ ካለፈ ቅኝቱ ይቁም። ነጭ አረፋ በሞላበት ባሕር ላይ ነጭ ትንፋሽ መፈለግ ድካም ብቻ ነው።

4. ሲታይ በመጀመሪያዎቹ ሰከንዶች የሚደረገው

ቃኚው "ትንፋሽ!" ብሎ ይጮኻል። ቀጥሎ የሚመጣው "የቱ ዝርያ ነው?" አይደለም። አንግልና ርቀት ነው። እነዚህ ሁለቱ ከጠፉ ያ ዓሣ ነባሪ ለስሌቱ የለም ማለት ይቻላል።

አንግሉ የሚነበበው መነጽሩ ሥር ካለው፣ በዲግሪ ከተከፈለው ክብ ሰሌዳ ላይ ነው። ዜሮ የመርከቡ ፊት ነው። ርቀቱ የሚነበበው ደግሞ በመነጽሩ ውስጥ ካሉት ጭረቶች ነው። ላይኛውን ጭረት አድማሱ ላይ አሳርፉና እንስሳው ከአድማሱ ስንት ጭረት ዝቅ ብሎ እንዳለ ቁጠሩ።

በቁጥር እንየው። ዓይናችሁ ከባሕሩ 10 ሜትር ከፍ ብሎ፣ የመነጽሩ አንድ ጭረት ደግሞ 0.28 ዲግሪ ከሆነ፦ ሁለት ጭረት ዝቅ ያለ እንስሳ 850 ሜትር ገደማ ላይ ነው። አንድ ጭረት ዝቅ ያለ 1.5 ኪሎ ሜትር። ግማሽ ጭረት ከሆነ ወደ 2.5 ኪሎ ሜትር። አስተውሉ፤ ከአንድ ጭረት ወደ ግማሽ ስትሄዱ ርቀቱ በአንድ ኪሎ ሜትር ዘለለ። ወደ አድማሱ በተጠጋ ቁጥር የእጅ መንቀጥቀጥ ብቻ ብዙ መቶ ሜትር ያሳስታል። ለዚህ ነው የጭረቱን ንባብ በሩብ ወይም በአሥረኛ መዝግቡ የሚባለው። መዝገቡ ላይ የሚጻፈው ጭረቱ እንጂ በጭንቅላት የተሰላ ሜትር አይደለም።

ከአንግሉና ከርቀቱ የሚፈለገው አንድ ነገር ነው፦ እንስሳው ከመስመራችሁ ወደ ጎን ስንት ይርቃል? ርቀቱን በአንግሉ ሳይን ማባዛት ነው። 2 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ ከፊት 30 ዲግሪ ወደ ጎን የታየ ዓሣ ነባሪ ከመስመሩ 1 ኪሎ ሜትር ይርቃል።

ሰው ቁጥር ማጠጋጋት ይወዳል። 7 ዲግሪን 5፣ 3 ዲግሪን ዜሮ ይለዋል። ከሁሉ የከፋው ዜሮ ማለት ነው። "ፊት ለፊት ነው" የተባለ ሁሉ መስመሩ ላይ ይከመርና ስሌቱን ሁሉ ይጎትተዋል። መዝጋቢው እዚህ ላይ ይሉኝታ አያስፈልገውም። ዜሮ በተባለ ቁጥር "ሰሌዳውን አንብብልኝ" ይበል።

ከዚያ ዝርያው። ትንፋሹ ብዙ ይናገራል። ረጅም ቀጥ ያለ ዓምድ ከሆነ ሰማያዊ ወይም ፊን ዌል ሊሆን ይችላል። የፊን ዌል የታችኛው መንጋጋ በቀኝ በኩል ነጭ፣ በግራ ጥቁር ነው፤ በየትኛው ጎን እንዳያችሁት ጻፉ። አጠር ብሎ የሚንዠረገግ የሃምፕባክ ነው። ከፊት ሲያዩት ለሁለት የሚከፈል የራይት ዌል ወይም የቦውሄድ። ወደ ፊትና ወደ ግራ ያዘመመ ከሆነ ስፐርም ዌል ነው፤ አፍንጫው ያለው በራሱ ፊተኛ ጫፍ በግራ በኩል ነው። ነፋስ ግን ይህን ሁሉ ያዛባል። እርግጠኛ ካልሆናችሁ "ያልታወቀ ትልቅ ዓሣ ነባሪ" ብላችሁ ጻፉ። ያልታወቀ የሚል መዝገብ ክቡር ነው። የተሳሳተ ስም ግን ማንም አያርመውም።

የቡድኑን ብዛት እያንዳንዱ ቃኚ ለብቻው፣ ሳይነጋገር ይጻፍ፦ ዝቅተኛ፣ ከፍተኛና የሚያምንበት። ከተነጋገሩ ሁሉም የአንጋፋውን ቁጥር ይደግማል።

መርከቡ ከመስመሩ ወጥቶ ወደ እንስሳቱ ይጠጋ ወይስ ይለፍ? ሁለቱም ይሠራበታል። ቢጠጉ ዝርያውና ብዛቱ ይጠራል፤ ግን በመንገድ ላይ ሌላ ይታይና ቅኝቱ ይቀላቀላል። ጉዞው ከመጀመሩ በፊት ወስኑ፤ ለካፒቴኑም ንገሩት። ከተጠጋችሁ በዝግታ ይሁን፤ እናት ከግልገሏ ጋር ካለች ተዉት።

5. ያልታየበትንም ሰዓት መዝግቡ

ይህ አጭር ነው፤ ግን ሳይሠራ የሚቀረው ብዙ ጊዜ ይኸው ነው። ቅኝት የተጀመረበትና የቆመበት ደቂቃ፣ የባሕሩ ሁኔታ፣ የፀሐይ ነጸብራቅ፣ ጭጋግ፣ ማን የት እንደቆመ፤ በተለወጠ ቁጥር ይጻፍ። ጂፒኤሱ ራሱ መስመሩን ይያዝ። ምሳ ላይ ሆናችሁ ያያችሁት ዓሣ ነባሪ ይመዝገብ፤ ግን "ከቅኝት ውጪ" ተብሎ። ወደ ስሌቱ አይገባም።

6. ሃይድሮፎኑን ጎትቱ

የተለመደው መሣሪያ ከመርከቡ ኋላ ከ200 እስከ 400 ሜትር በሚረዝም ኬብል የሚጎተት፣ ዘይት የተሞላ የፕላስቲክ ቱቦ ነው። በውስጡ ሁለት ወይም ከዚያ በላይ ሃይድሮፎኖች ተራርቀው ይቀመጣሉ። የጥልቀት መለኪያም ይኖረዋል። ኬብሉ የረዘመው የሞተሩና የፕሮፔለሩ ጩኸት እንዲርቅ ነው።

ከመጣላችሁ በፊት እያንዳንዱን ሃይድሮፎን በጣት መታ መታ እያደረጋችሁ ስክሪኑ ላይ ምልክቱን እዩ። የትኛው የፊተኛው፣ የትኛው የኋለኛው እንደሆነ በዚያው ይረጋገጣል። ከተገላበጠ ፊት ያለው ዓሣ ነባሪ ኋላ ይሆንባችኋል። መርከቡ ቀስ ብሎ ወደ ፊት እየሄደ ኬብሉ ይለቀቅ። ኬብሉ ውኃ ውስጥ እያለ መርከቡ ፈጽሞ ወደ ኋላ አይሂድ፤ ፕሮፔለሩ ይቆርጠዋል። መርከቡ ሲቆም ኬብሉ ይሰምጣል። ጥልቀት ወደሌለው ውኃ ስትጠጉ አስቀድማችሁ ሰብስቡት። መርከቡ ወደሚመራበት ክፍል የሚደርስ ሬዲዮ ኬብሉን በሚለቅቀው ሰው እጅ ላይ ይኑር።

የመቅጃ ፍጥነቱ፣ ማለትም ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ፣ መስማት ከምትፈልጉት ከፍተኛ ፍሪኩዌንሲ ከእጥፍ በላይ መሆን አለበት። ለስፐርም ዌል 96 ኪሎ ኸርዝ ይበቃል። ባለ ምንቃሮቹ ድምፃቸው ከ30 እስከ 50 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ስለሚያይል 192 ያስፈልጋል። ፖርፖይዝ 130 ኪሎ ኸርዝ አካባቢ ስለሆነ 500 ቢሆን ይመረጣል። ግን ማከማቻውን አስቡ። በ500 ኪሎ ኸርዝ፣ በሁለት ቻናል፣ በ16 ቢት የተቀዳ ድምፅ በሰዓት 7.2 ጊጋባይት፣ በቀን 173 ጊጋባይት ይወስዳል። ሁለት ቅጂ መያዝ ግዴታ ስለሆነ እጥፉን ቁጠሩ።

7. ምን ትሰማላችሁ?

ስፐርም ዌል በጥፍር ጠረጴዛ እንደሚመታ ሰው ያለ፣ በሰከንድ አንዴ ወይም ሁለቴ የሚደጋገም ቀጭ ቀጭ ያሰማል። ምግብ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱ ይጨምርና ወደ ረጅም ጩርር ይለወጣል። ብዙ ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ይያዛል። ከሁሉ የሚገርመኝ አንዱ ምት ራሱ በውስጡ ተደጋጋሚ ምቶች መያዙ ነው። ድምፁ በእንስሳው ጭንቅላት ውስጥ ወዲያና ወዲህ ስለሚመላለስ ነው። በነዚህ መካከል ያለው ክፍተት፣ በሚሊሰከንድ ተለክቶ፣ የእንስሳውን ቁመት ለመገመት ያስችላል። ያላያችሁትን እንስሳ ለካችሁት ማለት ነው።

ባለ ምንቃሮቹና ፖርፖይዝ በሰው ጆሮ አይሰሙም፤ ከ20 ኪሎ ኸርዝ በላይ ናቸው። ድምፃቸውን የሚይዘው ሶፍትዌር ነው። ፓምጋርድ የተባለው ነፃ ፕሮግራም በዚህ ሥራ በሰፊው የታወቀ ነው። ሆኖም ፕሮግራሙ ያለውን ሁሉ አትመኑ። በየሰዓቱ የተወሰነውን በዓይናችሁ ስክሪኑ ላይ አጣሩ።

ሰማያዊውና ፊን ዌል ደግሞ በተቃራኒው ከ30 ኸርዝ በታች ወርደው ይዘምራሉ። እዚያ ላይ የሚጎተት ሃይድሮፎን ብዙም አይረዳም፤ የመርከቡ ጩኸትና የውኃው ፍሰት ይውጠዋል። ለነሱ ባሕር ወለል ላይ መልሕቅ ተጥሎ ወራት የሚቀዳ መሣሪያ፣ ወይም ከመርከቡ የሚጣል ድምፅ ሰሚ ቦያ ይሻላል።

ድምፁ ከየት መጣ? ድምፅ በባሕር ውስጥ በሰከንድ 1,500 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሁለቱ ሃይድሮፎኖች በ3 ሜትር ከተራራቁ ከፊት የመጣ ድምፅ የፊተኛውን በ2 ሚሊሰከንድ ቀድሞ ይደርሰዋል። ከጎን የመጣ ሁለቱንም እኩል። ከዚህ አንግሉ ይወጣል። መርከቡ ሲጓዝ አንግሉ ከፊት ወደ ኋላ ይዞራል፤ መስመሮቹ ካርታው ላይ የሚገናኙበት ነጥብ የእንስሳው ቦታ ነው።

ሁለት ወጥመዶች አሉ። አንደኛ፣ ቀጥ ያለ ኬብል ግራና ቀኝን አይለይም። መርከቡ ጥቂት ዲግሪ ቢታጠፍ እውነተኛው ቦታ ጸንቶ ይቆያል፤ ሐሰተኛው ይንሸራተታል። ሁለተኛው ይብሳል። ድምፁ የሚነግራችሁ ወደ ጎን ያለውን ርቀት ብቻ ሳይሆን ወደ ታችም ጭምር ያለውን ነው። ከመስመሩ ልክ ሥር፣ 1,000 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለ ስፐርም ዌል 1 ኪሎ ሜትር ወደ ጎን ያለ ይመስላል። ጥልቀቱ በስሌቱ ውስጥ ካልገባ መስመሩ አጠገብ ማንም የሌለ ይመስላችኋል።

ዝም የሚሉ እንስሳት እንዳሉም መታወስ አለበት። የሃምፕባክን ዜማ የሚያዜሙት ወንዶቹ ናቸው። ድምፅ ስላልተሰማ እንስሳ የለም ማለት አይቻልም፤ ብዙ ድምፅ ስለተሰማም ብዙ እንስሳ አለ ማለት አይደለም።

8. ዓይንና ጆሮ እንዳይነጋገሩ አድርጉ

ለኔ የዚህ ሥራ ልብ እዚህ ነው። ድምፅ የሚሰማው ሰው ታች ካቢኑ ውስጥ "በቀኝ በኩል ስፐርም ዌል አለ" ብሎ ወደ ላይ ቢናገር ቃኚዎቹ ሁሉ ወደ ቀኝ ይዞራሉ። ያዩታልም። ደስ ይላል፤ ግን ያለዚያ ጥቆማ ያዩት እንደነበር ማወቅ ከእንግዲህ አይቻልም። እንስሳው ከመርከቡ ጎን አልፎ እስኪሄድ ድረስ ጆሮ ለዓይን አይንገር፤ ዓይንም ለጆሮ።

ተነጣጥለው ከሠሩ አንዱ ሌላውን ይፈትነዋል። እ.ኤ.አ. በ1994 በሰሜን ባሕርና በአካባቢው የተጀመረው ስካንስ የተባለው ጥናት ይህንኑ በሁለት የዓይን ቡድኖች ይሠራዋል። አንዱ በመነጽር ሩቅ ያያል፤ እንስሳቱ መርከቡን ሰምተው ሳይሸሹ ወይም ሳይቀርቡ በፊት ማለት ነው። ሌላው ቅርቡን በባዶ ዓይን ይቃኛል። የሩቁ ቡድን መስመሩ አጠገብ 40 አይቶ የቅርቡ ከነሱ ውስጥ 24ቱን ብቻ ካገኘ፣ የቅርቡ ቡድን የማየት ዕድል 0.6 ነው። ይህች ቁጥር ለመገኘቷ ሲባል ሁለት ቡድን ቢቀጠር አይቆጭም።

ግን ሁለቱም የዓይን ቡድኖች የጠለቀውን አያዩም። ኩቪየር የተባለው ባለ ምንቃር ዓሣ ነባሪ 3 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ጠልቆ የቆየበት ጊዜ ተመዝግቧል። ለሱ የመጥለቂያ ጊዜውን ሰውነቱ ላይ ከተለጠፈ መለኪያ ማወቅ ወይም ጆሮን መጠቀም የግድ ነው።

9. አስሉት

ወደ ጎን ያሉትን ርቀቶች በሙሉ ደርድሩ። መስመሩ አጠገብ ብዙ ይሆናሉ፤ ራቅ ሲል ይመናመናሉ። እንስሳቱ መርከባችሁን አይተው አልተደረደሩም፤ የተመናመነው የማየት አቅማችሁ ነው። ዲስታንስ የተባለው ፕሮግራም በዚህ ላይ ኩርባ ያሳርፍና ውጤታማ ስፋት፣ ማለትም በውስጡ ሁሉንም እንዳያችሁ ሊቆጠር የሚችለውን የጎን ርቀት፣ ያወጣላችኋል። ለዚህ ከ60 እስከ 80 የሚሆኑ ዕይታዎች ቢኖሩ ይመከራል።

ምሳሌ እንውሰድ። 1,000 ኪሎ ሜትር ተጓዛችሁ። 60 ቡድን አያችሁ፤ በአማካይ ሁለት ሁለት እንስሳ። ውጤታማው ስፋት በየጎኑ 2 ኪሎ ሜትር ሆነ። የተቃኘው ስፋት 4,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። 120 እንስሳ ለ4,000 ሲካፈል 0.03። ክልሉ 50,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ከሆነ 1,500 እንስሳ ይወጣል። አሁን ያቺን 0.6 አምጡ። 0.03 ለ0.6 ሲካፈል 0.05፤ በክልሉ ሲባዛ 2,500። ያ ፈተና ባይሠራ ኖሮ አንድ ሺህ ዓሣ ነባሪ ከመዝገብ ጠፍቶ ነበር።

2,500 ብቻውን አይጻፍ። የግምቱ መዋዠቅ 25 በመቶ ከሆነ ትክክለኛው አጻጻፍ በ95 በመቶ እርግጠኝነት ከ1,540 እስከ 4,050 መካከል የሚል ነው። ሰፊ ነው፤ ግን እውነተኛ ነው።

ዓይንና ጆሮ ስሌት ላይ ሲገናኙ የሚሆነውን የሜክሲኮው ቫኪታ ያሳያል። በካሊፎርኒያ ባሕረ ሰላጤ ብቻ የሚኖር ትንሽ ፖርፖይዝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 ትልቁ መርከብ ጥልቁን ውኃ በዓይን ቃኘ። መርከቡ ሊገባበት በማይችለው ጥልቀት አልባ ክፍል ደግሞ ድምፅ መቅጃዎች ተሰቀሉ። ሁለቱ ተጣምረው 60 ያህል እንደቀሩ አሳወቁ። አንዱ ብቻውን ይህን ሊነግረን አይችልም ነበር።

10. ፎቶና የሚደገም ቅኝት

ሃምፕባክ ጅራቱን ሲያነሳ ከሥሩ ያለው ጥቁርና ነጭ መልክ ከአንዱ ወደ ሌላው ይለያያል። ፎቶ አንሱት። ዘንድሮ 100 አንስታችሁ በሚቀጥለው ዓመት ካነሳችኋቸው 80 ውስጥ 20ዎቹ የዘንድሮዎቹ ሆነው ቢገኙ፣ 100 በ80 ተባዝቶ ለ20 ሲካፈል 400 ይሆናል። ከመስመር ቅኝቱ ጋር አስተያዩት። በጣም ከተራራቁ አንዱ ውስጥ ችግር አለ፤ ፈልጉት።

በካሊፎርኒያ ዳርቻ የሚያልፈው ግራጫ ዓሣ ነባሪ እ.ኤ.አ. ከ1967 ጀምሮ ከባሕር ዳር እየታየ ይቆጠራል። በ2016 ግምቱ 27 ሺህ ገደማ ነበር። በ2023 ወደ 14,500 ወረደ። ቁልቁለቱ የታየው አሠራሩ ስላልተቀያየረ ነው። እናንተም ስትደግሙ ከፍታውን፣ ፍጥነቱን፣ የቃኚዎቹን ብዛት አትቀይሩ። የግድ ከተቀየረ አሮጌውንና አዲሱን ዘዴ አንድ ወቅት ጎን ለጎን አስኪዱ።

ጥሬውን መዝገብና ድምፁን አትጣሉ፤ የተጣራ ሰንጠረዥ ብቻ አይበቃም። የመድረኩን ከፍታ፣ የሃይድሮፎኖቹን ክፍተትና የመቅጃ ፍጥነቱን የያዘች አንዲት ገጽ ከፋይሎቹ ጋር አብራችሁ አስቀምጡ። ከዓመታት በኋላ ድምፁን የሚከፍተው ሰው እናንተን ላያገኛችሁ ይችላል።